ወደ ተራራ አናት በቡድን፦ አለታማ ኮረብቶችን አቋርጦ በዕለቱ ለመመለስ የሚረዳ መመሪያ

አለታማ ኮረብቶችን አቋርጦ ሰፊ እይታ ወዳለው አናት መውጣትና በዚያው ቀን መመለስ የተለየ የስፖርት ችሎታ አይጠይቅም፤ ጤናማ የሆነና ለጥቂት ሰዓታት መራመድ የለመደ ሰው ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። ጉዞው በቡድን ሲሆን ግን ስሌቱ ይለወጣል። ቡድን እጅግ ዝግ ከሚለው አባሉ እንኳ ያነሰ ፍጥነት አለው፤ ምክንያቱም አንዱ የጫማውን ማሰሪያ ሲያጠብቅ፣ ሌላው ውሃ ሲጠጣ፣ ሦስተኛው ፎቶግራፍ ሲያነሳ የሚያልፈው ጊዜ ተደምሮ የሁሉም ይሆናል። በእጅ ተይዞ የሚታለፍ አንድ አስቸጋሪ አለት ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢወስድ፣ ተራ በተራ ለሚያልፉ 12 ሰዎች 24 ደቂቃ ይወስዳል፤ በመንገዱ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አራት ጊዜ ካጋጠመ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሄደ ማለት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለጉዞው አስተባባሪ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰዓትንና የሰውን ቁጥር አብሮ ማሰብን ያስቀድማል።

1. መንገዱን በካርታ ላይ ማንበብ

የከፍታ መስመሮች ያሉት ካርታ ያግኙና መንገዱን ከመነሻው እስከ አናቱ በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡት። በ1፡50,000 መጠን በተዘጋጀ ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 500 ሜትር ሲሆን፣ የከፍታ መስመሮቹ ብዙውን ጊዜ በ20 ሜትር ልዩነት ይሰመራሉ። መስመሮቹ በተጠጋጉበት አቀበቱ ይጠናል፤ በተራራቁበት ይለዝባል። በአለታማ ምድር ላይ ግን አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ ገደል በሁለት መስመሮች መካከል ገብቶ ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ካርታውን ከሳተላይት ምስል ጋር ያመሳክሩ፤ ከተቻለም ከአንድ ልምድ ካለው ሰው ጋር ሆነው መንገዱን አስቀድመው ይሂዱበት። ከማንኛውም ዝግጅት የሚበልጠው ይህ ነው።

በካርታው ላይ ምልክት ሊደረግባቸው የሚገቡት ቦታዎች ውሃ የሚገኝበት፣ መንገዱ የሚከፈልበት፣ ቡድኑ ተሰብስቦ ሊያርፍበት የሚችል ሜዳ፣ ተራ የሚያስጠብቅ ጠባብ አለት፣ እንዲሁም አየሩ ቢከፋ ወይም ሰው ቢታመም ወደ ታች በአጭሩ የሚያወርዱ መውጫዎች ናቸው። ዙሪያ ጉዞ ደስ የሚል ቢሆንም፣ የአባላቱ አቅም የተለያየ ለሆነ ቡድን በወጡበት መንገድ መመለስን እመርጣለሁ፤ ሲወጡ ያዩት አለት ሲወርዱ እንግዳ አይሆንምና።

ሰዓቱን ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል። በተለመደው የሜትር አቀራረቡ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይታሰባል። ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር የሆነና 600 ሜትር ወደ ላይ የሚያስወጣ ጉዞ በዚህ መሠረት 3 ሰዓት ይሆናል። ይህ ግን ብርቱ ሰው ያለ ዕረፍት በደህና መንገድ ሲሄድ ነው። ድንጋይ ለሚበዛበት መንገድ ግማሹን ይጨምሩበት፤ ከዚያም ለዕረፍት፣ ለምሳና ለአናት ቆይታ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለጠባብ አለቶች ደግሞ በሰው ቁጥር የተሰላ ጊዜ ሲታከልበት ጉዞው ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ዋናው ውጤት የመመለሻ ሰዓት ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ የምትጠልቅ ከሆነ፣ ሁለት ሰዓት ለድንገተኛ ነገር ተይዞ ቡድኑ 10 ሰዓት ላይ እግረ ተራራው መድረስ አለበት፤ ቁልቁለቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ከወሰደ፣ የትም ቢደረስ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ፊትን መመለስ ግድ ነው። ይህን ሰዓት ጠዋት፣ ሁሉም በሙሉ አእምሮው ሳለ፣ ለቡድኑ በግልጽ ይናገሩ። አናቱ በቅርብ እየታየ፣ ድካም በተጫጫነው ሰው መካከል የሚደረግ ክርክር በጎ ውሳኔ አያወጣም።

2. ቡድኑን ማወቅና ሥራ መከፋፈል

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከስድስት እስከ 12 ሰው ተስማሚ ነው። ከአራት ማነስ የለበትም፤ አንዱ ቢጎዳ አንድ ሰው አብሮት ይቆያል፣ ሁለቱ ደግሞ ለእርዳታ አብረው ይሄዳሉ። ከ12 ከበለጠ እያንዳንዱ የራሱ መሪ ያለው ሁለት ቡድን ማድረግ ይሻላል።

ከጉዞው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ያነጋግሩ። በሰው ፊት «ጉልበቴን ያመኛል» ወይም «ከፍታ ያስፈራኛል» ማለት ለብዙዎች ይከብዳል። ለአራት ሰዓት ያህል ለመጨረሻ ጊዜ የተራመደው መቼ እንደሆነ፣ የልብ ሕመም፣ አስም፣ የስኳር በሽታ ወይም ለንብ ንድፊያ አለርጂ ያለበት እንደሆነ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ከቦርሳው የት እንደሚያስቀምጠው ይጠይቁ። አናቱ ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆነ ከዝቅተኛ ቦታ የመጡ ሰዎች ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊገጥማቸው ስለሚችል፣ ይህ ስሜት ከመጣ መፍትሔው መውጣቱን ማቆምና ስሜቱ ከጠናም መውረድ መሆኑን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ሦስት ኃላፊዎች ያስፈልጋሉ። መሪው ከፊት ሆኖ መንገድና ፍጥነት ይጠብቃል። ደጀኑ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል፣ ማንም ከእሱ በኋላ አይቀርም። ሦስተኛው የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያውቀው ሰው ነው። በብዙ ቡድኖች ደጀንነት ለደከመ ሰው የሚተው ቦታ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ደጀኑ ከመሪው ቀጥሎ ጠንካራና ልምድ ያለው ሰው መሆን አለበት፤ የሚወድቀውን የሚያየው፣ የሚያነክሰውን የሚያውቀው እሱ ነውና።

3. ጫማ፣ ልብስና ስንቅ

ከዕቃዎቹ ሁሉ ጫማው ይቀድማል። የሶሉ ጥርስ ያላለቀ፣ ሶሉ በእጅ ሲታጠፍ በቀላሉ የማይቆለመም፣ ጣቶችን ከፊት የማይጫን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀድሞ የተለመደ ሊሆን ይገባል። አዲስ ጫማን በተራራ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማድረግ ተረከዝን ውሃ ያስቋጥራል። የእግር ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ቢቆረጥ በቁልቁለት ከሚደርስ ሕመም ያድናል።

ልብስን በተመለከተ፣ ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ሲታከልበት ደግሞ ቅዝቃዜው ይብሳል። ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይና ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ቀጥሎ የሚያሞቅ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚከላከል ሆኖ በሚጨመርና በሚቀነስ ድርብ መልበስ ይመከራል። ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት በደመናማ ቀንም አይቅሩ።

ውሃ በመጠነኛ ሙቀት ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በብርቱ ሙቀት እስከ አንድ ሊትር ይታሰባል። ለ7 ሰዓት ጉዞ ቢያንስ ሦስት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ብዙ ላብ ባለበት ቀን ያለ ምግብ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳንሳልና፣ ጨው ያለበት ምግብ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ይገባል።

በእያንዳንዱ ሰው ቦርሳ ውስጥ ፊሽካና በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይኑር፤ በብርሃን እንመለሳለን ብሎ ባትሪውን መተው አይገባም። መሪው የወረቀት ካርታ፣ ኮምፓስና ካርታው አስቀድሞ የወረደበት ስልክ ይይዛል። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ስለሚሠራ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ ባትሪውን ያቆጥባል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳው ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ መቀስ፣ የሕመም ማስታገሻና ሙቀት የሚያቆይ ቀጭን ብርድ ልብስ ሊኖረው ይገባል።

4. ለቀሪ ሰው ቃል መተው

ከቡድኑ ውጭ ለሆነ አንድ ሁነኛ ሰው የአባላቱን ዝርዝር፣ የመንገዱን ካርታ፣ የሚመለሱበትን ሰዓትና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልን እርዳታ ጥራ» የሚል ቁርጥ ያለ ቃል በጽሑፍ ይስጡት።

5. በጉዞው ጠዋት

በተራራ ላይ ደመና ብዙ ጊዜ የሚከማቸው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ማለዳ መነሳት ሰዓት ከማትረፉ ባሻገር ከመብረቅ ያርቃል፤ እይታውም አቧራና ጭጋግ ሳይጋርደው ይገኛል። የአየር ትንበያው ነጎድጓድ ካለበት ጉዞውን ለሌላ ቀን ያስተላልፉ። ሰዎች ሥራ ትተው መጥተዋልና ይህን ውሳኔ መናገር ይከብዳል፤ ሆኖም ከመነሻው ላይ መመለስ ከመንገድ አጋማሽ እጅግ ይቀላል።

ከመነሳትዎ በፊት ቡድኑን አቁመው መንገዱን፣ የመመለሻ ሰዓቱን፣ የመሪውንና የደጀኑን ማንነት፣ የፊሽካውን ትርጉም ይግለጹ፤ ጫማና ውሃ በዓይንዎ ይመልከቱ። ከዚያም ሰው ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ይዞ ከአንድ እስከ መጨረሻው ድምፅ እያሰማ ቢቆጥር፣ ቀኑን ሙሉ በየማረፊያው መደጋገም ይቻላል፤ ጊዜውም ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

6. አቀበቱን መያዝ

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከሚገባው በላይ ዝግ ይበል። ትክክለኛው ፍጥነት ከኋላ ያለው ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር የሚችልበት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ አጭር ቆም ማለት ሰው የሞቀውን ልብስ እንዲያወልቅና የጎረበጠውን ካልሲ እንዲያስተካክል ያስችለዋል። ቀጥ ያለውን አቀበት ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ይልቅ በዚግዛግ መውጣት ባትን ያሳርፋል።

ዕረፍትን በተመለከተ በብዙ ጉዞዎች የሚፈጸም በደል አለ። ብርቱዎቹ ቀድመው ደርሰው ያርፋሉ፤ የደከመው ሰው እንደደረሰ «ሁላችንም አለን፣ እንቀጥል» ይባላል። በዚህም ዕረፍት እጅግ የሚያስፈልገው ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይውላል። ስለዚህ የዕረፍቱ ሰዓት የሚቆጠረው ደጀኑ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ደንብ ያድርጉት። ዝግ የሚለውን ሰው ደግሞ ከመሪው ቀጥሎ ያስቀምጡት፤ መሪው ሳያውቀው በእሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ እሱም የመጨረሻ የመሆን ሐሳብ አይከብደውም። መንገድ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ እያንዳንዱ ሰው ከኋላው ያለውን ሰው በዓይኑ ሳያይ አይታጠፍ።

7. በአለቱ ላይ

አለት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ግራናይት ሻካራ በመሆኑ ሲደርቅ እግርን በደንብ ይይዛል፤ የኖራ ድንጋይ ብዙ ሰው በተመላለሰበት ቦታ ይላግና በተለይ ሲረጥብ ያንሸራትታል። የድንጋይ ሽበት የለበሰ አለት ሲደርቅ የሚታመን ቢመስልም ዝናብ ሲነካው ይከዳል። ልሙጥ አለት ላይ የተበተነ ደቃቅ ጠጠርም ከእግር በታች ስለሚንከባለል በተለይ ሲወርዱ አደገኛ ነው።

ዘንበል ባለ ልሙጥ አለት ላይ ፍርሃት ሰውን ወደ አለቱ እንዲተኛ ይገፋፋዋል፤ ይህ ግን ክብደቱን ከእግሩ ላይ አንሥቶ ጫማው እንዲንሸራተት ያደርጋል። ቀጥ ብሎ መቆምና ሙሉ ውስጥ እግርን ማሳረፍ ይገባል። ተደራርበው በተከመሩ ቋጥኞች ላይ ሲሄዱ እግርን ጥለው ክብደትዎን ከማሳረፍዎ በፊት ይፈትኑት፤ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይነቃነቅም ማለት አይደለም።

እጅ የሚያስፈልግበት ቦታ ሲደረስ የሚጠበቀው ደንብ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ምንጊዜም አለቱን እንደያዙ፣ አንዱ ብቻ መንቀሳቀሱ ነው። የሚይዙትን ድንጋይ አስቀድመው በመዳፍ መታ ያድርጉት፤ የሚነቃነቅ ወይም ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ አይታመንም። የሰውነት ክብደት የሚነሳው በእግር ነው፤ በክንድ ብቻ የሚጎተት ሰው ቶሎ ይዝላል። በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ውስጥ እጅን አያስገቡ፤ እባብና ጊንጥ ከሙቀት የሚጠለሉት እዚያ ነው። ምርኩዝ የያዘ ሰው ከቦርሳው ጋር ይሰረው። መሪው ቀድሞ ይውጣና ከላይ መንገዱን ያሳይ፤ ልምድ ያለው ሌላ ሰው ከታች ሆኖ እግር የሚያርፍበትን ቦታ በቃል ይምራ። መውረድ የማይችሉትን አለት አይውጡ። ገመድ አጠቃቀሙን ካልተማሩ ይዘው አይሂዱ፤ በማይችል እጅ ያለ ገመድ ሁለተኛውን ሰው አብሮ ይጥላል። ገመድ የሚያስፈልገው አለት ካጋጠመ ለዚህ ቡድን መንገዱ አይደለም፤ ሌላ መተላለፊያ ይፈልጉ ወይም ይመለሱ።

የድንጋይ ፍንካች በተሞላ ተዳፋት ላይ ትልቁ አደጋ ከላይ ያለው ሰው በታቹ ባለው ላይ የሚያንከባልለው ድንጋይ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተነቃነቀው ድንጋይ ፍጥነት ሳያገኝ እንዲቆም እጅ ለእጅ እስከሚደራረስ ድረስ ተጠጋግቶ መሄድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሌሎቹ ከጎን ተጠልለው አንድ በአንድ ማለፍ ነው። መካከለኛው ርቀት ከሁሉም የከፋ ነው። ድንጋይ ያንከባለለ ሰው፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሳያፍር «ድንጋይ!» ብሎ ይጩህ፤ ከታች ያሉት ወደ ላይ ሳያዩ ወደ አለቱ ይጠጉና ቦርሳቸውን ከራሳቸው በላይ ያድርጉ።

8. አናቱ ላይ

እንደደረሱ መጀመሪያ የሚያሞቅ ልብስ ይልበሱ፤ ላብ ያረጠበው ሰውነት በነፋስ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል። ከገደሉ ጫፍ ራቅ ብሎ የማረፊያ ቦታ ይምረጡና ሰው ይቁጠሩ። ፎቶግራፍ የሚያነሳም ሆነ የሚነሳ ሰው ወደ ኋላ እየተራመደ ቦታ አያስተካክል፤ ወደ ገደል ጠርዝ መጠጋት የሚፈልግ ተቀምጦ ይጠጋ። ከአናቱ ድንጋይ መወርወር ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ከታች ማን እንዳለ አይታወቅም።

ይህ ከተጠበቀ በኋላ አናቱን በወጉ ያጣጥሙት፤ የተለፋው ለዚህ ነውና። በዙሪያው ካለው ሜዳ 400 ሜትር ከፍ ባለ አናት ላይ የቆመ ሰው፣ አየሩ ከጠራና ሌላ ተራራ ካልከለለው፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ አድማስ ሊያይ ይችላል። ካርታውን በኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙረው ዘርግተው፣ የሚታዩትን ሸንተረሮችና ሸለቆዎች በየስማቸው ቢለዩ እይታው ትርጉም ያገኛል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

9. ቁልቁለቱ

ቁልቁለት ቀላል ይመስላል፤ ይሁንና ጭን የደከመው፣ ሐሳብ የላላው፣ ሰው ወደ ቤቱ የቸኮለው በዚህ ሰዓት ነው። ጣቶች ከጫማው ጫፍ ጋር እንዳይጋጩ የጫማ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቀው ይሰሩ። እርምጃው አጭር፣ ጉልበቱ ጥቂት ዕጥፍ ያለ ይሁን። በጣም ቀጥ ባለ አለት ላይ ፊትን ወደ አለቱ አዙሮ እንደ መሰላል መውረድ ይሻላል። መሪው ብርቱዎቹን ከፊቱ አያሳልፍ፤ መሮጥ የሚወዱት ከቡድኑ ሲነጠሉ መንገድ የሚስቱት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። አቋራጭ መቁረጥም አፈሩ በጎርፍ እንዲሸረሸር ያደርጋል።

10. ችግር ሲያጋጥም

ተረከዝ ወይም ጣት ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ያድናል፤ ለዚህ ቡድኑን ማስቆም ነውር እንዳልሆነ ለሁሉም ይንገሩ። ለወለምታ ጫማውን ሳይፈቱ ቦታውን በፋሻ ደግፈው፣ ሸክሙን ለሌሎች አካፍለው ቀስ ብለው ይውረዱ። ሰውየው እግሩን መሬት ማስነካት ካልቻለ ግን ስብራት እንደሆነ ቆጥረው እርዳታ ይጥሩ። እባብ የነደፈው ሰው ሳይንቀሳቀስ ተረጋግቶ ይቀመጥ፤ ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፤ ቁስሉ አይቆረጥ፣ አይመጠጥ፣ በገመድም አይታሰር፤ ተሸክመው በፍጥነት ወደ ሐኪም ያድርሱት።

የመብረቅ ብልጭታ ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በታች ከተሰማ፣ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ ወዲያው ከአናትና ከሸንተረር ይውረዱ። ከብቸኛ ዛፍና ከጥልቀት የለሽ ዋሻ አፍ ይራቁ፤ አንድ መብረቅ ሁሉንም እንዳይመታ ተራርቀው ይቆዩ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ሰው ቢጠፋ ቡድኑ አይበተን። ለመጨረሻ ጊዜ ወደታየበት ቦታ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ የሚገናኙበትን ሰዓት ቆርጠው ይፈልጉ። የጠፋውም ሰው ባለበት ቆሞ ፊሽካ እንዲነፋ አስቀድሞ ይነገረው። በተራራ ላይ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው የእርዳታ ጥሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ እንደገና መድገም ነው፤ የሰማው ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ በመንፋት ይመልሳል። በሌሊት በባትሪ ብልጭታም እንዲሁ ይደረጋል።

መነሻው ላይ ሲደርሱ ለመጨረሻ ጊዜ ሰው ይቁጠሩ፤ ቃል ለተዉለት ሰውም ሳይዘገዩ ይደውሉ። ከዚያም በየምልክቱ የደረሱበትን ትክክለኛ ሰዓትና በእያንዳንዱ ጠባብ አለት ላይ የጠፋውን ጊዜ በካርታው ጀርባ ይጻፉ፤ ለሚቀጥለው ጉዞ የመመለሻ ሰዓቱን የሚያሰሉት ከዚህ ነው።